ዝምድና እና አስረካቢ፦ ከፈራኢድ ሐልቃ እስከ አልጀብራ ክፍል



የጥያቄው መነሻ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ተማሪን ከሚያደናግሩት ምዕራፎች አንዱ በእንግሊዝኛው «ሪሌሽን» እና «ፈንክሽን» የሚባሉትን ሁለት ነገሮች የሚለየው ምዕራፍ ነው። በአማርኛ የሳይንስ ቃላት የመጀመሪያው «ዝምድና»፣ ሁለተኛው «አስረካቢ» ተብሏል። በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ገጠር የሚማር ልጅ ትርጓሜውን በቃሉ ይይዛል፤ በግራፍ ላይ ቁም መስመር እያሰመረ «ይህ ፈንክሽን ነው፣ ይህ አይደለም» ማለትንም ይለምዳል። ልዩነቱ ለምን እንዳስፈለገ ሲጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ መልስ የለውም።

ይህ ተራ የትምህርት ጉድለት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በተሰጠው የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ እናስታውሳለን። የሰሜን ወሎ ልጆች ደግሞ ከ2013 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት ትምህርታቸው ተቋርጦ፣ ትምህርት ቤቶቻቸው ተጎድተው የቆዩ ናቸው። ከእነዚህ ተማሪዎች መካከል ብዙዎቹ ከሰዓት በኋላ ወይም በክረምት በመድረሳ የሚቀሩ ደረሶች ናቸው። በአንዱ ቤት የሚማሩት ነገር በሌላው ቤት ከሚማሩት ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ይመስላቸዋል። አልጀብራ የባዕድ፣ ፈራኢድ የሸኾች ብቻ ይሆንባቸዋል።

በዚህ ጽሑፍ የምናሳየው የሁለቱ ጽንሰ ሐሳቦች ልዩነት በመድረሳው ትምህርት ውስጥ ከጥንት ጀምሮ በሥራ ላይ የነበረ መሆኑን ነው። ይሁን እንጂ በሥራ ላይ መኖር እና በስም ተለይቶ መተርጎም የተለያዩ ናቸውና፣ ለአባቶቻችን ያልሠሩትን አንሰጥም፤ የሠሩትንም አንነሣም።

የሁለቱ ቃላት ትርጓሜ

ዝምድና ማለት በሒሳብ ቋንቋ የጥንዶች ስብስብ ነው። ከአንድ የመነሻ ስብስብ አንድ ነገር፣ ከመድረሻው ስብስብ ሌላ ነገር ተወስዶ፣ ቅደም ተከተላቸው ተጠብቆ ሲጣመሩ ጥንድ ይሆናሉ። (1፣ 2)፣ (1፣ 3)፣ (2፣ 5) የተባሉት ሦስት ጥንዶች በአንድነት አንድ ዝምድና ናቸው። እዚህ ላይ 1 ሁለት ተጓዳኞች አሉት፤ እነርሱም 2 እና 3 ናቸው። ዝምድና ይህን አይከለክልም። ዝምድና የሚጠይቀው «ማን ከማን ጋር ይገናኛል?» የሚለውን ብቻ ነው።

አስረካቢ ግን ተጨማሪ ሸርጥ ያለበት ዝምድና ነው። በመነሻው ስብስብ ያለ እያንዳንዱ ነገር በመድረሻው ስብስብ አንድ ተጓዳኝ፣ ያውም አንድ ብቻ ሊኖረው ይገባል። (1፣ 2)፣ (2፣ 4)፣ (3፣ 6) አስረካቢ ነው። (1፣ 4)፣ (2፣ 4)፣ (3፣ 4) የሚለውም አስረካቢ ነው፤ ሦስቱም ወደ አንድ ቦታ ቢሄዱ ሸርጡ አልፈረሰም። የሚፈርሰው አንዱ መነሻ ወደ ሁለት መድረሻ ሲሄድ ነው። ስለዚህ አስረካቢ ሁሉ ዝምድና ነው፤ ዝምድና ሁሉ ግን አስረካቢ አይደለም።

የአማርኛው ቃል ምርጫ ሊመሰገን የሚገባው ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ለባለቤቱ ያስረክባል። የአንዱን አደራ ለሁለት ሰው ካስረከበ አስረካቢነቱ ተበላሸ፤ የብዙ ሰዎችን አደራ ለአንድ ወኪል ቢያስረክብ ግን ጥፋት የለበትም። በአረብኛ በግብፅና በባሕረ ሰላጤው አገሮች «ዳላ» ይሉታል፤ «አመልካች» ማለት ነው። በሻም አገሮች ደግሞ «ታቢዕ» ይሉታል፤ «ተከታይ» ማለት ነው። ሦስቱ ቃላት አንዱን ሐሳብ በሦስት ጎን ያሳያሉ፤ መነሻው ከታወቀ ውጤቱ ይታወቃል፣ ይከተላል፣ ይረከባል።

ከአል-ኸዋሪዝሚ የተገኘው ትምህርት

ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ በኸሊፋው አል-መእሙን ዘመን (ከ198 እስከ 218 ሂጅራ፣ ከ813 እስከ 833 እ.ኤ.አ.) በባግዳድ የጻፈው የጀብርና የሙቃበላ መጽሐፍ ለአልጀብራ ስሙን ሰጥቷል። በመግቢያው መጽሐፉን የጻፈው ሰዎች በውርስ፣ በኑዛዜ፣ በክፍፍል፣ በክርክር፣ በንግድ፣ በመሬት ልኬትና በቦይ ቁፋሮ ለሚያስፈልጋቸው ስሌት መሆኑን ይገልጻል። ከመጽሐፉ ግማሽ ያህሉ ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ ነው። የአልጀብራና የፈራኢድ ዝምድና ዛሬ የተፈጠረ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አል-ኸዋሪዝሚ እኩልዮሾችን በስድስት ዓይነት ይመድባል። አምስተኛው ዓይነት ለርእሳችን ቀጥተኛ ምስክር ነው። ምሳሌው እንዲህ ነው፦ የአንድ ቁጥር ካሬ ላይ 21 ሲጨመር የቁጥሩን 10 እጥፍ ይሆናል፤ ቁጥሩ ስንት ነው? መፍትሔው የ10 ግማሽ 5 ተወስዶ በራሱ ይባዛል፤ 25 ይሆናል። ከእርሱ 21 ሲቀነስ 4 ይቀራል፤ የ4 ዳግም ዘር 2 ነው። 2ን ከ5 ብንቀንስ 3፣ በ5 ላይ ብንጨምር 7 እናገኛለን። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የ3 ካሬ 9 ነው፤ 21 ሲጨመር 30 ይሆናል፤ የ3 አሥር እጥፍም 30 ነው። የ7 ካሬ 49 ነው፤ 21 ሲጨመር 70 ይሆናል፤ የ7 አሥር እጥፍም 70 ነው።

እንግዲህ ቁጥሩን ከያዝን የካሬውንና የአሥር እጥፉን ልዩነት ማስላት አንድ መልስ ብቻ ይሰጣል። ከልዩነቱ ተነሥተን ቁጥሩን ስንፈልግ ግን ሁለት መልስ መጣ። ወደ ፊት ሲሄዱ አስረካቢ የሆነ ነገር ወደ ኋላ ሲመለሱ ዝምድና ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። አል-ኸዋሪዝሚ «አስረካቢ» የሚል ስም አልነበረውም፤ ነገር ግን ከነጻው ቁጥር መጠን አንጻር መልሱ ሁለት የሚሆንበትን፣ አንድ የሚሆንበትንና ፈጽሞ የማይኖርበትን ለይቶ አስተምሯል።

ከእርሱ 400 ዓመት ገደማ በኋላ ሸረፉዲን አጥ-ጡሲ ይህን ጥያቄ ወደ ኩብ እኩልዮሾች አሻገረው። አንድን ቁጥር በካሬ አድርገን፣ ከ7 ላይ ያንኑ ቁጥር ቀንሰን በቀረው እናባዛው። ቁጥሩ 3 ቢሆን 9 በ4 ተባዝቶ 36 ይሆናል። ቁጥሩ 6 ቢሆን ደግሞ 36 በ1 ተባዝቶ 36 ይሆናል። ከ3 እና ከ6 የተነሡ ሁለት መንገዶች በአንድ ቦታ ተገናኙ። ጡሲ ውጤቱ የሚደርስበት ከፍተኛ መጠን ቁጥሩ የ7 ሁለት ሦስተኛ ሲሆን እንደሚገኝ ያውቅ ነበር። ከዚያ መጠን የሚበልጥ ከተጠየቀ መልስ የለም፤ እኩል ከሆነ አንድ ነው፤ ካነሰ ሁለት ነው። ይህ አካሄድ እኩልዮሽን እንደ አንድ እንቆቅልሽ ከመፍታት አልፎ፣ መነሻው ሲለዋወጥ ውጤቱ እንዴት እንደሚለዋወጥ መመልከት ነው።

ጥላ፣ ሰዓትና ቂብላ

የአስረካቢ ሐሳብ በስፋት የሠራው በሰንጠረዥ ነው። አቡል-ወፋእ፣ አል-ቢሩኒና ሌሎችም የሠሯቸው የማዕዘን ሰንጠረዦች ለእያንዳንዱ ማዕዘን አንድ ቁጥር ይሰጣሉ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በደማስቆ የሙወቂትነት ሥራ ይሠራ የነበረው ሸምሱዲን አል-ኸሊሊ የሰላት ጊዜንና የቂብላ አቅጣጫን ለማግኘት ያዘጋጃቸው አጋዥ ሰንጠረዦች ብቻቸውን ከ13,000 በላይ ቁጥሮች አሏቸው። ፈላጊው የቦታውን ልኬት ይዞ ይገባል፤ አንድ መልስ ይዞ ይወጣል።

ይህን በወልድያ መሬት ላይ በአንድ ዘንግ ማሳየት ይቻላል። ወልድያ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ወደ 11 ከ5/6 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። ርዝመቱ 1 ሜትር የሆነ ዘንግ በሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ቢተከል፣ በታኅሣሥ 12 ገደማ የእኩለ ቀን ጥላው ወደ ሰሜን 71 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። በመጋቢት 12 ገደማ ወደ 21 ሳንቲ ሜትር ያጥራል። በሚያዝያ 13 ገደማ ፀሐይ አናት ላይ ትሆንና ጥላው ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ጥላው ወደ ደቡብ ዞሮ በሰኔ 14 ገደማ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል። በነሐሴ 16 ገደማ እንደገና ይጠፋል፤ በመስከረም 13 ገደማ ወደ ሰሜን 21 ሳንቲ ሜትር ይመለሳል።

ቀኑን የነገሩት ሰው የጥላውን ርዝመት በእርግጠኝነት ሊናገር ይችላል፤ ከቀን ወደ ጥላ የሚሄደው መንገድ አስረካቢ ነው። «ጥላው 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀኑ መቼ ነው?» ብንለው ግን መጋቢትም፣ ሰኔም፣ መስከረምም ይሆንበታል። ከጥላ ወደ ቀን የሚሄደው መንገድ ዝምድና እንጂ አስረካቢ አይደለም። የመስጊዱ የጊዜ ሰሌዳም እንዲሁ ነው። በወልድያ ዙህር በዓመቱ ውስጥ ከቀኑ 6፡05 እስከ 6፡36 ገደማ ይዋልላል፤ እያንዳንዱ ቀን አንድ የዙህር መግቢያ አለው፤ አንድ የዙህር መግቢያ ግን ለብዙ ቀናት ሊውል ይችላል።

የዐስር ጊዜ ከዚህ የረቀቀ ትምህርት ይሰጣል። በሻፊዒ መዝሀብ ዐስር የሚገባው የአንድ ነገር ጥላ፣ የእኩለ ቀኑ ጥላ ተቀንሶለት፣ ከነገሩ ቁመት ጋር ሲስተካከል ነው። በአቡ ሐኒፋ የታወቀ አቋም ደግሞ የቁመቱን እጥፍ ሲሆን ነው። ስለዚህ በታኅሣሥ 12 በ1 ሜትሩ ዘንግ ስንለካ በሻፊዒዎች 171፣ በሐነፊዎች 271 ሳንቲ ሜትር እንጠብቃለን። «ዛሬ ዐስር መቼ ይገባል?» የሚለው ጥያቄ መዝሀቡ ካልተጠቀሰ ሁለት መልስ ያለው ዝምድና ነው። መዝሀቡ ሲጠቀስ አስረካቢ ይሆናል። እንግዲህ አንድን ዝምድና አስረካቢ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ የጎደለውን ሸርጥ ማሟላት ነው።

ቂብላም ከዚሁ ይገባል። መካ ከወልድያና ከመርሳ በስተ ሰሜን፣ ከሞላ ጎደል በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ በመሆኗ የአካባቢያችን ቂብላ ወደ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል። እያንዳንዱ ቦታ አንድ ቂብላ አለው። «ቂብላው ሰሜን የሆነ ቦታ የት ነው?» ብንል ግን በዚያ መስመር ላይ ከመካ በስተ ደቡብ ያለው አገር ሁሉ ይመጣል። አንድ ቦታ ደግሞ ከሕጉ ይወጣል፤ በከዕባ ውስጥ የሚሰግድ ሰው ወደ የትኛውም ግድግዳ መዞር ይችላል። ስለዚህ የቂብላን አስረካቢ ስንተረጉም ያን ቦታ ከመነሻው ስብስብ ማውጣት ይኖርብናል። በክፍል ውስጥ «ለዜሮ ማካፈል አይቻልም፤ ዜሮን ከመነሻው አውጡ» የምንለው ትእዛዝ ከዚህ ሐሳብ ጋር የሚሄድ ነው። ልዩነቱ በአንዱ መልስ መብዛቱ፣ በሌላው መልስ መጥፋቱ ነው። አስረካቢ ሁለቱንም አይቀበልም።

ስሙና ትርጓሜው የመጡበት መንገድ

ከላይ ያየነው ሁሉ ሐሳቡ በሥራ ላይ እንደነበረ ያስረዳል። ስሙን «ፈንክሽን» ብሎ በሒሳብ ያስገባው ግን ጀርመናዊው ላይብኒትስ ነው፤ በ1673 እ.ኤ.አ. በጻፈው የእጅ ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። ዮሐን ቤርኑሊ በ1718፣ ኦይለር በ1748 እ.ኤ.አ. ፈንክሽንን በቀመር የተጻፈ ነገር አድርገው ተረጎሙት። በ1837 እ.ኤ.አ. ዲሪክሌ ቀመር መኖሩ የግድ አለመሆኑን፣ ለእያንዳንዱ መነሻ አንድ ውጤት መወሰኑ ብቻ በቂ መሆኑን አስረዳ።

ዝምድና በሒሳብ ራሱን ችሎ የተጠናው ከዚያ በኋላ ነው። ደ ሞርጋን በ1860 እ.ኤ.አ. የዝምድናን ሎጂክ ጻፈ፤ ፐርስና ሽሮደር አሰፉት። በ1914 ቪነርና ሃውስዶርፍ፣ በ1921 እ.ኤ.አ. ኩራቶቭስኪ ጥንድን በስብስብ ቋንቋ ከተረጎሙ በኋላ ዝምድና «የጥንዶች ስብስብ»፣ ፈንክሽን ደግሞ «ሸርጥ ያለበት ዝምድና» ተባለ። ዛሬ በመጽሐፋችን ያለው ትርጓሜ ይህ ነው።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነጥብ እናገኛለን። በታሪክ ፈንክሽን ቀድሞ ዝምድና ተከተለ፤ በመማሪያ መጽሐፍ ዝምድና ቀድሞ ፈንክሽን ይከተላል። መጽሐፉ የሚሰጠው የረጅሙን ጉዞ መጨረሻ ነው። ተማሪው ጥያቄውን ሳይሰማ መልሱን ይቀበላል፤ ስለዚህም ትርጓሜው በአየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስለዋል።

ይህ አቀራረብ ወደ አፍሪካ ትምህርት ቤቶች የገባው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። «አዲሱ ሒሳብ» የተባለው እንቅስቃሴ ስብስብን የትምህርቱ ሁሉ መሠረት ሲያደርግ፣ ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኡጋንዳ ኢንቴቤ በተካሄዱ ዐውደ ጥናቶች ለአፍሪካ አገሮች የሒሳብ መጻሕፍት ተዘጋጁ፤ ኢትዮጵያም ከተካፋዮቹ አንዷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሥርዐተ ትምህርቱ ደጋግሞ ቢለወጥም፣ ዝምድናና ፈንክሽን ከሁለተኛ ደረጃ መጽሐፍ አልወጡም።

የሀብሩ ደረሳና የ«አጎት» ጉዳይ

የጁ፣ ዛሬ ወልድያና ሀብሩ የሚገኙበት ምድር፣ የዕውቀት አገር ነው። ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ታሪክ ውስጥ እንዳሳዩት፣ በየጁ የሚገኘው ዳና ከወሎ ታላላቅ የትምህርት ማዕከላት አንዱ ነበር፤ ስሙም የመጀመሪያው ዳንይ ከሚባሉት ከሸኽ አሕመድ ኢብን አደም ጋር ይነሣል። ደረሳው ሎህና ኪታቡን ይዞ፣ ከአንዱ ሸኽ ፊቅህን፣ ከሌላው ነህውን፣ ከሦስተኛው ተፍሲርን እየቀሰመ አገር ለአገር ይዞር ነበር። ፊቅህን የዘለቀ ደረሳ ፈራኢድን ሳይነካ አያልፍም።

ፈራኢድ የሚሰጥበትን ቅደም ተከተል እናስተውል። በመጀመሪያ የመውረስ ምክንያቶች ይነገራሉ፤ ጋብቻ፣ ወላእና የሥጋ ዝምድና ናቸው። ቀጥሎ ከልካዮች ይመጣሉ። ከዚያ ማን ማንን እንደሚጋርድ ይነገራል። በመጨረሻ በሱረቱ-ን-ኒሳእ አንቀጽ 11፣ 12 እና 176 የተወሰኑት ድርሻዎች ይመደባሉ፤ ግማሽ፣ ሩብ፣ አንድ ስምንተኛ፣ ሁለት ሦስተኛ፣ ሲሶ እና አንድ ስድስተኛ። ደረሳው ዝምድናን አስቀድሞ ሸርጡን ያሟላል፤ ከዚያ በኋላ ድርሻን ያስረክባል። የዛሬው የአልጀብራ መጽሐፍ የሚከተለው ቅደም ተከተልም ይኸው ነው።

«የእናት ድርሻ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ገና አስረካቢ አልያዘም። ሟቹ ልጅ ከሌለው፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ወንድሞችና እኅቶችም ከሌሉት እናት ሲሶ ታገኛለች። ልጅ ካለ ወይም ወንድሞችና እኅቶች ከበዙ አንድ ስድስተኛ ታገኛለች። ከአባት ጋር ባል ወይም ሚስት ብቻ ካለ ደግሞ በኸሊፋው ዑመር ፍርድ መሠረት የቀሪውን ሲሶ ታገኛለች። ስለዚህ ከ«እናት» ወደ «ድርሻ» የሚሄደው ዝምድና ነው። የወራሾቹ ዝርዝር በሙሉ ሲቀርብ ግን የእናት ድርሻ አንድ ይሆናል። መነሻው አንድ ወራሽ ሳይሆን የወራሾች ጠቅላላ ሁኔታ መሆን አለበት።

መዝሀብም እንደ ዐስር ጊዜው ሸርጥ ይሆናል። ሟች የአባት አባትንና አንድ የእናትና የአባት ወንድምን ብቻ ቢተው፣ በአቡ ሐኒፋ ዘንድ አያት ወንድምን ስለሚጋርድ ሁሉን ይወስዳል፤ በሻፊዒ ዘንድ ግን እኩል ይካፈላሉ። ዝርዝሩ አንድ ሆኖ ውጤቱ ሁለት የሆነው ሸርጡ ስላልተሟላ ነው።

በአካባቢያችን ከሁሉ የሚያሳስበው የቋንቋ ጉዳይ ነው። ወራሾች ጉዳያቸውን ለሸኹ ወይም ለቃዲው የሚያስረዱት በአማርኛ ነው፤ ኪታቡ የሚናገረው በአረብኛ ነው። አረብኛ የአባትን ወንድም «ዐም»፣ የእናትን ወንድም «ኻል» ይላል። አማርኛ ሁለቱንም «አጎት» ይላል። ከአረብኛ ወደ አማርኛ የሚሄደው መንገድ አስረካቢ ነው፤ ሁለቱም ቃላት አንድ አንድ ትርጉም አላቸው፣ ያም አንድ ነው። ከአማርኛ ወደ አረብኛ የሚሄደው ግን አስረካቢ አይደለም።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስለን ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ሰው አንዲት ሴት ልጅና አንድ «አጎት» ትቶ ሞተ እንበል። አጎቱ የአባት ወንድም ከሆነ ልጅቱ ግማሹን ትወስዳለች፤ እርሱም ዐሰባ በመሆኑ ቀሪውን ግማሽ ይወስዳል። የእናት ወንድም ከሆነ ግን ከዘዉል-አርሓም ነው፤ ልጅቱ ባለችበት አይወርስም። በሐነፊዎችና በኋለኞቹ ሻፊዒዎች አቋም ቀሪው ግማሽ በረድ ወደ ልጅቱ ይመለሳል። በአንዲት ቃል አለመለየት የንብረቱ ግማሽ ከአንዲት የቲም እጅ ሊወጣ ይችላል። «አክስት»ም «ዐማ»ን እና «ኻላ»ን፣ «ወንድም»ም የእናትና የአባትን፣ የአባትን ብቻና የእናትን ብቻ በአንድነት ይይዛሉ። የእናት ብቻ የሆነ አንድ ወንድም፣ የሚጋርደው ከሌለ፣ አንድ ስድስተኛ የሚያገኝ ባለ ድርሻ ነው፤ የእናትና የአባት ወንድም ግን ቀሪውን የሚወስድ ዐሰባ ነው። ሽማግሌዎቻችን በክርክር ጊዜ «የአባቱ ወንድም ነው ወይስ የእናቱ?» ብለው የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ጥያቄያቸው ዝምድናን ወደ አስረካቢ የሚለውጥ ጥያቄ ነው።

የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በፌዴራል ደረጃ በዐዋጅ ቁጥር 188/1992 እንደገና ተጠናክረው፣ ባለ ጉዳዮቹ ሲስማሙ የሙስሊሞችን ውርስ ያያሉ። ከዚያ በፊት ግን አብዛኛው ክፍፍል በቤት፣ በኢማሙና በሽማግሌዎች ፊት ያልቃል። ኢማሙ የሚሰማት የመጀመሪያዋ ቃል በትክክል ካልተለየች፣ ከእርሷ በኋላ የሚመጣው ስሌት ሁሉ ቢስተካከልም ፍርዱ ይጣመማል።

ሦስት የተለመዱ ስሕተቶች

በክፍል ውስጥ ደጋግመው የሚታዩትን ሦስት ስሕተቶች ከላይ ባየነው ማረም ይቻላል።

አንደኛው፣ ሁለት መነሻዎች አንድ ውጤት ካላቸው አስረካቢነቱ ይፈርሳል ብሎ ማሰብ ነው። ሦስት ሴት ልጆች እኩል ድርሻ ይወስዳሉ፤ ማናቸውም ሁለት ድርሻ አልወሰዱም። የብዙዎች በአንድ መገናኘት አይከለከልም፤ የተከለከለው የአንዱ ለሁለት መከፈል ነው።

ሁለተኛው፣ አስረካቢ ያለ ቀመር አይኖርም ብሎ ማሰብ ነው። የኸሊሊ ሰንጠረዥ ለተጠቃሚው ቀመር አያሳየውም፤ ለእያንዳንዱ መግቢያ ግን አንድ መውጫ አለው። የመስጊዱ የሰላት ሰሌዳ፣ የተማሪዎች ስምና የመዝገብ ቁጥራቸው፣ በመርሳ ገበያ በአንድ ቀን በአንድ ነጋዴ ዘንድ የማንጎ ኪሎና የሚከፈልበት ብር ሁሉም አስረካቢዎች ናቸው።

ሦስተኛው፣ አስረካቢ ያልሆነ ዝምድና ስሕተት ነው ብሎ መቁጠር ነው። የአንድ ቁጥር ካሬና የሌላው ካሬ ተደምረው 25 ይሆናሉ የሚለው እኩልዮሽ ክብን ይሠራል፤ የመጀመሪያው 3 ሲሆን ሁለተኛው 4 ወይም ከዜሮ በታች 4 ነው። ክብ አስረካቢ ባይሆንም ክብነቱ አይነቀፍም። የአባትና የልጅ ዝምድና ከአባት ሲነሣ ብዙ ልጆችን ይይዛል፤ ከልጅ ሲነሣ አንድ አባት ላይ ያርፋል። ቤተሰብ የቆመው በሁለቱም ነው። መምህሩ «ይህ አስረካቢ አይደለም» ሲል «የማይረባ ነው» እንዳላለ ተማሪው ሊያውቅ ይገባል።

ለመምህራንና ለኢማሞች

የሒሳብ መምህሩ የቁም መስመሩን ፈተና ከማስተማሩ በፊት ዘንጉን በትምህርት ቤቱ ግቢ ቢተክል፣ የመድረሳ ደረሶቹንም «የእናት ድርሻ ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው። ደረሳው «ሁኔታውን ንገሩን» ብሎ ሲመልስ የአስረካቢን ትርጓሜ ራሱ ተናግሮታል። ቁም መስመሩም ከዚያ በኋላ ትርጉም ያገኛል፤ መስመሩ «ከዚህ አንድ መነሻ ስንት ውጤት ወጣ?» ብሎ የሚጠይቅ ነውና።

የፈራኢድ አስተማሪውም በበኩሉ የድርሻ ቁጥሮችን ከማስቀራቱ በፊት የአማርኛውንና የአረብኛውን የዘመድ ስም በሁለት ዓምድ አስጽፎ በቀስት ቢያገናኝ፣ አደጋው ያለበት ቦታ ለደረሳው በዓይኑ ይታየዋል። ኢማሙ ደግሞ የውርስ ጉዳይ ሲቀርብለት ከስሌቱ በፊት የወራሾችን ዝርዝር ያሟላ፤ «አጎት» ሲባል የማን ወንድም እንደሆነ ይጠይቅ፤ የሚፈርድበትንም መዝሀብ ይግለጽ።

በመጨረሻ፣ «ፈንክሽንን ሙስሊሞች ፈጠሩት» የሚለውን አባባል ለተማሪ ማስተማር አይገባም። ስሙም የዛሬው ትርጓሜውም የሌሎች ሊቃውንት የሁለት መቶ ተኩል ዓመታት ድካም ውጤት ነው። የአል-ኸዋሪዝሚ ሁለት መልሶች፣ የጡሲ ከፍተኛ መጠን፣ የኸሊሊ ሰንጠረዥና የፈራኢድ ሊቃውንት ጥንቃቄ ግን በእውነት የነበሩ ናቸው፤ ማጋነን አያስፈልጋቸውም። ለሀብሩ ልጅ የሚጠቅመው ኩራት ሳይሆን፣ በሎህ የያዘውና በሰሌዳ የሚያየው አንድ ዓይነት ጥንቃቄ የሚጠይቁ መሆናቸውን መረዳቱ ነው። ሁለቱም፣ ከመፍረድ በፊት ሸርጡ መሟላቱን አረጋግጥ ይሉታል።

አላህ በሚጠቅም ዕውቀት ይጥቀመን። ወላሁ አዕለም።